«ዛሬ ዝናብ የለም» ብሎ ያስመታን መሣሪያ!
ቤታችን ያለው የአየር ጠባይ መለኪያ ሲዋሽ ምን እናድርገው?

ሰው ሲዋሽ መላ አለው። ይጠየቃል፣ ይማላል፣ በሽማግሌ ይመከራል፣ ካልሆነም «ተፈጥሮው ነው» ተብሎ ይታለፋል። ዕቃ ሲዋሽስ? ያውም ከውጭ የመጣ፣ ባለ ስክሪን፣ ቁጥሩን በነጥብ ከፍሎ የሚናገር ዕቃ ሲዋሽ ማን ደፍሮ «ውሸትህን ነው!» ይለዋል? «23.7 ዲግሪ» ሲላችሁ እኮ ያቺ «ነጥብ 7» ብቻዋን ታሳምናለች!

ነገሩን ያነሣሁት እንዲያው ወሬ አጥቼ አይደለም። ዋሽንግተን ያለ የአጎት ልጅ ይልከዋል፣ ከዱባይ የምትገባ እህት በሻንጣዋ ይዛው ትመጣለች፤ ብቻ ይህ የአየር ጠባይ መለኪያ የሚሉት ነገር በማውቃቸው ቤቶች ብቅ ብቅ እያለ ነው። ደጅ የሚሰቀል ነጭ ሴንሰር አለው፤ ሳሎን የሚቀመጥ ስክሪን አለው። ሙቀት፣ እርጥበት፣ የአየር ግፊት፣ ዝናብና ንፋስ እለካለሁ ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት ቤተሰቡ ከበቦ ያየዋል። በሁለተኛው ሳምንት ጭቅጭቅ ይጀመራል።

እስቲ የደረሱኝን ቅሬታዎች ስሙልኝ። አንዱ «ኮተቤ ነው የምኖረው። መሣሪያዬ በጠራራ ፀሐይ 39 ዲግሪ አለኝ። አዲስ አበባ አዋሽ ሆነች እንዴ?» ይላል። አንዷ ደግሞ «ጎርፍ ግቢያችን ገብቶ ጫማችንን ይዞት ሲሄድ፣ ስክሪኑ ዝናብ ዜሮ ይላል» ትላለች። ሦስተኛው ያሳዝናል። «ፀሐይ ነው ብሎኝ ልጅቷን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። በስብሰን ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሣም» ነው የሚለው። ወንድሜ፣ ስለ ልጅቷ ቃል አልገባልህም። ስለ መሣሪያው ግን ወደ ታች ወረድ ስትል ታገኘዋለህ።

ትልልቆቹም ተታለዋል

በመጀመሪያ አትሸማቀቁ። ከእናንተ በፊት ዓለም በሙሉ በአንድ የተሳሳተ ንባብ ለ90 ዓመት ተሸውዷል። እ.ኤ.አ. በ1922 መስከረም ወር ሊቢያ ውስጥ ኤል አዚዚያ በተባለ ቦታ 58 ዲግሪ ተመዘገበ ተባለ። የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ፤ ተማሪው ሁሉ ሸመደደው። እ.ኤ.አ. በ2012 የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ባለሙያዎች ጉዳዩን መርምረው ሰረዙት። ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? ቴርሞሜትሩ ለማንበብ የሚያደናግር ዓይነት ነበር፤ አንባቢው ልምድ ያልነበረው ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ የተቀመጠበትም ወለል አስፋልት መሰል ስለነበር በረሃውን አይወክልም። ክብረ ወሰኑ ተመልሶ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዴዝ ቫሊ እ.ኤ.አ. በ1913 ለተመዘገበው 56.7 ዲግሪ ተሰጠ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሦስት ጥፋተኞች አሉ። ዕቃው፣ ቦታው እና አንባቢው። እናንተም ቤት ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ አራተኛ የለም። እኔ እስካሁን ካየኋቸው ቤቶች በብዙዎቹ ጥፋተኛው ቦታው ነው። ዕቃው ንጹሕ ሆኖ ሲሰደብ ነው የሚውለው።

ታዲያ እንዴት ይለያል? ሴንሰሩን ከተሰቀለበት አውርዱት። ከስክሪኑና ከሌላ ከምታምኑት ቴርሞሜትር ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንድ ሰዓት ያህል አትንኳቸው፤ ትንፋሻችሁም አይድረስባቸው። ከዚያ አንብቡ። ልዩነታቸው አንድ ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ለቤት የሚሠሩ መሣሪያዎች ከዚያ የበለጠ እርግጠኝነት ቃል አይገቡም። አምስትና ስድስት ዲግሪ ከተለያዩ ግን ነገሩ ከዕቃው ነው። ይህንን ሳታደርጉ ብሎን መፍታት ሐኪም ሳያዩ መርፌ እንደመወጋት ነው!

ቆርቆሮ ላይ የተሰቀለ ሙቀት

የኮተቤው ልጅ ቤት ሄጄ አየሁት። ሴንሰሩን ቆርቆሮ ጣራው ላይ በሽቦ አስሮታል። «ከፍ ያለ ቦታ ነው ብዬ ነው» አለኝ። ከፍ ያለስ ነው፤ ግን እኩለ ቀን ላይ ያንን ቆርቆሮ በእጃችሁ ብትነኩት ትጮሃላችሁ! ሴንሰሩ የለካው የአዲስ አበባን አየር ሳይሆን የቆርቆሮውን ግለት ነው። የአዲስ አበባ የቀን ሙቀት በአብዛኛው ዓመት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ መሐል ነው የሚውለው፤ 39 ሲላችሁ ጠርጥሩ።

ሜትሮሎጂዎች የሚያዝዙት ቀላል ነው። ሴንሰሩ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ቢቻል ሣር ባለበት፣ ከግድግዳና ከሲሚንቶ ወለል ራቅ ብሎ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳያየው ግን ንፋስ እያለፈበት ይሁን። ለዚህ ነው ሴንሰሩ እንደ ሳህን የተደራረበ ነጭ ሽፋን ያለው፤ ጥላም ነው፣ መስኮትም ነው። ትልልቆቹ ጣቢያዎች የሚጠቀሙበትን ነጭ የእንጨት ሳጥን በ19ኛው መቶ ዘመን የነደፈው ቶማስ ስቲቨንሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ ነው፤ የደራሲው የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን አባት። ሳጥኑ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

«ሴንሰሩ ፌስታል ውስጥ ቢሸፈንስ?» ያለችኝም አለች። እግዜር ያሳያችሁ! ፌስታል ውስጥ እናንተም ብትሆኑ ትታፈናላችሁ። ጥላ ስጡት እንጂ አታፍኑት። ነጩ ሽፋን በአቧራ ቡናማ ከሆነም ጥቅሙ ቀንሷልና በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ፀሐይ ነው የሚያሳስተው ወይስ ሌላ ነገር የሚለውን ለማወቅ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ስህተቱ መቼ መቼ እንደሚመጣ ጻፉ። ሌሊት ልክ ሆኖ ቀን ብቻ የሚያብድ ከሆነ ፀሐይ ነው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት ላይ ብቻ ብድግ የሚል ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት አንድ የሚያንጸባርቅ መስኮት ወይም የሞቀ ግድግዳ እያየው ነው። ቀንም ሌሊትም እኩል ሦስት ዲግሪ የሚጨምር ከሆነ ግን ጥፋቱ የዕቃው ነው፤ ብዙዎቹ ማስተካከያ ስላላቸው ሦስቱን ቀንሱለትና ተገላገሉ።

ወንድምና እህትን ያኳረፈ ቁጥር

አሁን ደግሞ የማያስቅ ነገር ልንገራችሁ። ገርጂ አካባቢ አንዲት ወጣት አለች። ዕቁብ ደረሳትና 60 የአንድ ቀን ጫጩት ገዝታ ማሳደግ ጀመረች። ታናሽ ወንድሟ የኤሌክትሮኒክስ ነገር የሚወድ ልጅ ነው። «እትዬ፣ አታስቢ፣ ሙቀቱን እኔ እቆጣጠርልሻለሁ» አላትና ከአየር ጠባይ መለኪያው ሴንሰሮች አንዱን የጫጩቶቹ ክፍል ውስጥ ሰቀለው። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ዲግሪ ያህል እየተቀነሰለት ይሄዳል። ልጁ ይህንን በደንብ ያውቃል። ስክሪኑም 33 ይላል። ምን ጎደለ?

በአራተኛው ቀን ጧት 23 ጫጩቶች ማዕዘን ላይ ተደራርበው ሞተው ተገኙ።

«አንተና ይህ መጫወቻህ!» አለችው። እሱም «ሠላሳ ሦስት ነው እኮ የሚለው! ሌላ በሽታ ይሆናል» አለ። እሷ የዕቁብ ገንዘቧን፣ እሱ ደግሞ ስሙን እያሰቡ ተኳረፉ። በአንድ መሶብ መብላት ቀረ። በመጨረሻ እናታቸው ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ዶሮው ይቅር፤ እነዚህን ልጆች አስታርቅልኝ» አሉኝ። እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፤ ቴርሞሜትር ይዤ ሄድኩ።

ሴንሰሩ ግድግዳው ላይ ሚስማር ተመትቶለት፣ በሰው ደረት ቁመት፣ ከሚያሞቀው አምፖል አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተንጠልጥሏል። ስክሪኑ 33 ይላል። የእኔን ቴርሞሜትር ጫጩቶቹ ከሚተኙበት ጭድ ጥቂት ጣቶች ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩትና ጠበቅን። 24 አለ! የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ የቀዘቀዘው ወለል ላይ ይተኛል። ጫጩት ደግሞ ደረት ላይ አይኖርም።

ልጁ ሁለቱን ቁጥሮች አይቶ ዝም አለ። ቆይቶ «እትዬ፣ እኔ ነኝ የሰቀልኩት» አላት። እሷ ደግሞ «እኔም ተደራርበው ሲተኙ እያየሁ ስክሪኑን ነው ያመንኩት» አለች። መሣሪያውን ከከሰሱት ሁለቱ ይልቅ እውነት የተናገረው መሣሪያው ነበር፤ ግን የተናገረው ስለ ጫጩቶቹ ሳይሆን ስለ ሚስማሩ ነው። ሴንሰሩን ጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ ላይ አወረድነው፣ አምፖሉን ዝቅ አደረግነው፣ ዙሪያውን በካርቶን አጠርነው። የቀሩት 37 ጫጩቶች በዚያው ምሽት ተበታትነው መተኛት ጀመሩ።

ዶሮ ለምታረቡ ሁሉ ይህችን ያዙልኝ። ጫጩቶች አምፖሉ ሥር ከተደራረቡ በርዷቸዋል፤ ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፤ ተበታትነው ከተኙና ከበሉ ተመችቷቸዋል። ስክሪኑና ጫጩቷ ከተጣሉ ጫጩቷን እመኑ!

እርጥበት፦ በጨው ማስማል

«እርጥበቱ 99 ላይ ተቸክሎ ቀረ» የሚል ቅሬታ በክረምት ይበዛል። መጀመሪያ ጊዜ ስጡት። ሌሊቱን ጭጋግ ሆኖ ካደረ 99 ማለቱ እውነቱን ነው። ፀሐይ ወጥታ፣ ልብስ ደርቆ፣ ከሰዓት በኋላም 99 ካለ ግን ሴንሰሩ ውስጥ ውኃ አለ ወይም አቧራ ለብሷል። አውርዳችሁ ሙቀት በሌለው ደረቅ ክፍል ውስጥ አንድ ሁለት ቀን አቆዩት። ምድጃ ላይ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ላድርቅ የምትሉ እጃችሁን ሰብስቡ!

ከደረቀ በኋላ ደግሞ እናስምለው። የሚያስፈልገው የወጥ ቤት ጨው ብቻ ነው። ትንሽ ክዳን ውስጥ አንድ ትልቅ ማንኪያ ጨው አድርጉ። ጥቂት የውኃ ጠብታ ጨምሩበት፤ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ነው እንጂ እስኪሟሟ አይደለም። ክዳኑንና ሴንሰሩን አየር በማያስገባ የምሳ ዕቃ ውስጥ ከትታችሁ ግጠሙ። ጨው ሴንሰሩን አይንካው። ሙቀት በማይለዋወጥበት ቦታ ሌሊቱን ያድር። እርጥብ ጨው በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለውን አየር ሁልጊዜ 75 በመቶ እርጥበት ላይ ያቆመዋል፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ጧት ላይ ሴንሰሩ ከ70 እስከ 80 መሐል ካለ ደህና ነው፤ ልዩነቱን መዝግባችሁ አስተካክሉት። 55 ወይም 95 ካለ አርጅቷል፤ አሰናብቱት።

«ሙቀቱንስ በፈላ ውኃ ልፈትነው? ውኃ በ100 ይፈላል ብለውን የለም?» ላላችሁኝ ደግሞ፣ በጭራሽ! አንደኛ ሴንሰሩ ይሞታል። ሁለተኛ አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ለምን? ከፍታ ላይ ስለምንኖር ነው። ይኸው ከፍታ ደግሞ ወደ እንጦጦው ወንድማችን ይወስደናል።

ግፊትና የእንጦጦው ፍቅር

የአየር ግፊት ማለት ከላያችን የተከመረው አየር ክብደት ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ወደ 1013 ሄክቶፓስካል ይሆናል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይቀንሳል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1648 ፈረንሳይ አገር ባሮሜትር ይዘው ተራራ በወጡ ሰዎች ተረጋግጧል። ከ2,300 ሜትር በላይ የሆነው ቦሌ ላይ የሚጠበቀው ወደ 770 አካባቢ ነው። መሣሪያው «770» ሲላችሁ «ተበላሽቷል፣ መጽሐፉ 1013 ይላል» አትበሉ፤ እሱ ነው ልክ!

ችግሩ የሚመጣው ከማስተካከያው ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሁለት ዓይነት ግፊት ያሳያሉ። አንዱ በቦታው ያለው እውነተኛ ግፊት ነው። ሌላው «ባሕር ጠረፍ ላይ ብንሆን ኖሮ» ተብሎ የሚሰላው ነው። ለሁለተኛው የሰፈራችሁን ከፍታ መንገር አለባችሁ። ካልነገራችሁት ዜሮ ሜትር ላይ፣ ምጽዋ የተቀመጣችሁ ይመስለዋል። ከፍታውን ከስልካችሁ ካርታ ታገኛላችሁ። የአቃቂውን ከፍታ እንጦጦ ላይ አትጠቀሙ፤ በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ የብዙ መቶ ሜትር ልዩነት አለ።

ስክሪኑ ላይ ያለችው የፀሐይና የደመና ሥዕልስ? ዋናዋ አሳሳች እሷ ናት! ብዙ ጊዜ ሥዕሏ የምትወጣው ሰማይ ታይቶ አይደለም፤ ግፊቱ ሲጨምር «ፀሐይ»፣ ሲቀንስ «ዝናብ» ብላ ነው የምትገምተው። ይህ ስሌት ለአውሮፓና ለአሜሪካ ይሠራል፤ እዚያ ዝናብ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ግፊቱ እየወረደ ነውና። እኛ ወዳለንበት ወደ ምድር ወገብ ስንቀርብ ግን ግፊቱ በየቀኑ እንደ ሰዓት ይመላለሳል። ጧት 4 ሰዓት አካባቢ ከፍ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት አካባቢ ዝቅ፣ ማታ 4 ሰዓት ገደማ እንደገና ከፍ ይላል። ዝናብ ኖረም አልኖረም!

ገባህ ወንድሜ? ጧት 4 ሰዓት ላይ ግፊቱ ከፍ ሲል ሥዕሏ ፀሐይ አወጣችልህ። አንተ ደግሞ «ዛሬ ነው ቀኑ» ብለህ ልጅቷን ጠራሃት። በሐምሌ! ለቀጠሮ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን ትንበያ እይ፤ ካልሆነም ጃንጥላ ያዝ። ለይቅርታውም አሁን ምክንያት አግኝተሃል፤ «የምድር ወገብ ግፊት ነው» በላት። ካልሳቀች... እንግዲህ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

«ዝናብ ዜሮ»

የዝናብ መለኪያው ውስጥ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ የምትጋደም ትንሽ ማንኪያ አለች። ዝናቡ በማጥለያው ገብቶ ሲሞላት ትገለበጣለች፤ መሣሪያው ግልበጣዋን ይቆጥራል። አንድ ግልበጣ በብዙዎቹ ላይ 0.2 ወይም 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ጎርፍ ጫማዋን የወሰደባት እህታችን ቤት ምን ነበረ? ማጥለያው በባሕር ዛፍ ቅጠልና በወፍ ኩስ ተደፍኗል፤ ማንኪያዋ ላይ ደግሞ ሸረሪት ድሩን አድርቷል። ዝናቡ ከላይ ሞልቶ በጎን ይፈሳል። ማንኪያዋ ግን ጠብታ አላየችም፤ ታዲያ ምን ትቁጠር?

ከቆላችሁ፣ ከጠረጋችሁና ካጠባችሁ በኋላ እንዲህ ፈትኑት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። የማጥለያችሁ አፍ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 16 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 200 ሚሊ ሊትር ውኃ ማለት ነው። በአንድ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ይህንን ውኃ ልኩና ክዳኑን በመርፌ ብሱ። ግማሽ ሰዓት ያህል እየጠበጠበ እንዲወርድ አድርጉ። ቸኩላችሁ አትድፉት፤ ማንኪያዋ አትደርስበትም። ስክሪኑ ወደ 10 ካለ ምሳ ጋብዙት። 7 ካለ ወይ ተዘሟል፣ ወይ ቆሽሿል፤ በውኃ ልክ አስተካክሉት።

ሳይዘንብ ዝናብ የሚቆጥርስ? ምሰሶው በንፋስ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው፤ ማንኪያዋ በደረቁ ትገለበጣለች። አጥብቃችሁ እሰሩት። ልብስ ማስጫ ገመድ አጠገቡ ካለም አንሱ፤ የሚያንጠባጥበው የእናንተው አንሶላ ሊሆን ይችላል! ሰማዩ ጠርቶ ዝናብ ካሳየ ደግሞ በረዶ ጥሎ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ በረዶው ማጥለያው ላይ ተቀምጦ ቀስ እያለ ሲቀልጥ ነው የሚቆጥረው። ከጣራ ክፈፍና ከዛፍ አርቁት፤ ቢያንስ የቤቱን ቁመት ሁለት እጥፍ ራቅ ቢል ጥሩ ነው።

ሌላም አለ። ጎረቤት ሜትሮሎጂ የሚሠራ ሰው ካላችሁና ቁጥራችሁ ካልገጠመ ወዲያው አትጣሉ። በተለመደው አሠራር ታዛቢዎች የቀኑን ዝናብ የሚለኩት ጧት 3 ሰዓት ላይ ነው። የእናንተ መሣሪያ ግን ቀኑን የሚዘጋው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት የጣለው ዝናብ ለእሱ የትናንት፣ ለእናንተ የዛሬ ነው። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ!

ንፋስና ሰረዝ

ስለ ንፋስ አጭር ልሁን። ደንቡ 10 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከየትኛውም ሕንጻ የቁመቱን አሥር እጥፍ ርቀት ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ያለው ሰው ካለ ቦታውን ሊሸጥልኝ ይደውልልኝ! ጎናችሁ አራት ፎቅ ከቆመ ንፋሳችሁ የፎቁ ንፋስ ነው፤ ተቀበሉት። አቅጣጫውን ግን ማስተካከል ትችላላችሁ። ሰሜን የሚለውን ምልክት በስልክ ኮምፓስ አዙሩት፤ ኮምፓሱን ከቆርቆሮና ከብረት ምሰሶ ራቅ ብላችሁ ያዙ፣ ብረት ያሳስተዋል። መሐል ከተማ ላይ ለሆናችሁ እንጦጦ በስተ ሰሜን ነው፤ እሱን አይታችሁ አረጋግጡ።

ስክሪኑ ቁጥር ትቶ ሰረዝ ሰረዝ ካሳየ ደግሞ አልዋሸም፤ አልሰማሁም ማለቱ ነው። መጀመሪያ የባትሪ ድንጋዮቹን ቀይሩ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ፤ አሮጌና አዲስ አታጋቡ። ቀን እየሠራ ሌሊት የሚጠፋ ከሆነ ድንጋዩ ደክሟል፤ ብርድ ያደክመዋል። ቀጥሎ በሴንሰሩና በስክሪኑ መሐል ያለውን ተመልከቱ፤ የብረት በር፣ ቆርቆሮ፣ ባለ ፌሮ ኮንክሪት የሬዲዮ ሞገዱን ያፍናሉ። ካርቶኑ ላይ «100 ሜትር» የሚለው ለሜዳ ነው። ስክሪኑንም ከዋይፋይ፣ ከስልክ ቻርጀርና ከዲኮደር አጠገብ አንሱት፤ ሞገዱንም ይረብሻሉ፣ የሳሎኑንም ሙቀት ከፍ አድርገው ያሳዩአችኋል። ሴንሰር ስትገዙም ከስክሪኑ ጋር በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ይሁን፤ የአሜሪካው በአብዛኛው 915፣ የአውሮፓው 868 ወይም 433 ሜጋኸርዝ ነው። አይነጋገሩም። የአሜሪካው ሰዓቱን ኮሎራዶ ካለ የሬዲዮ ጣቢያ እቀበላለሁ ካላችሁም አትጠብቁት፤ እዚህ አይደርስም። በእጃችሁ ሙሉት።

ደብተር ግዙ!

ከዚህ ሁሉ በኋላ መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ። ድንጋይ የቀየራችሁበትን፣ ማጥለያ የጠረጋችሁበትን፣ ቦታ ያዛወራችሁበትን ቀን ጻፉ። ስታስተካክሉ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ሁለት ቀን ጠብቁ። ሦስት ነገር በአንድ ቀን ከቀየራችሁ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም፤ ሦስት ሐኪም የታየ በሽተኛ ይሆንባችኋል። ክረምት ሳይገባ በግንቦት አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሲወጣ በመስከረም አንድ ጊዜ ሙሉ ጽዳት አድርጉ። ግድግዳው ቀጥ ያለ የቲማቲም ጣሳ ከዝናብ መለኪያው አጠገብ ክፈቱና አኑሩ፤ ከዘነበ በኋላ በማስመሪያ ለኩት። ጣሳ ባትሪ አያልቅበትም።

ወንዝ ዳር ወይም ገደል ሥር የምትኖሩ ደግሞ አደራ! ስክሪኑ ዜሮ ቢልም ውኃው ከጨመረ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። ቁጥሩን በኋላ ትመረምሩታላችሁ።